ያለ እኔ የተለቀሰ ለቅሶ

በየትም አገር ይፈጠር፣ ሰው አሮጊትን ዝም የሚያሰኝበት ተረት አያጣም። ይህን ያወቅኩት እዚህ ሚኒሶታ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃና ጨው በሆነበት አንድ ሰሞን። «ያለፈውን አታንሺ» በአማርኛ ተባልኩ፤ በእንግሊዝኛም ተባልኩ፤ ይህ አልበቃ ብሎ ጎረቤቴ በስሎቬንኛ ደገመችልኝ። ሦስቱም በጆሮዬ ገቡ። በልቤ ግን አንዱም አልገባ። ዛሬ ስጽፈው እንኳ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ይበሳል፤ በእርጅና እንዳይመስላችሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ባለቤቴ በትርፍ ጊዜው እያስቆጠረኝ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ስለዚህ ነገር ማሳመር አላውቅበትም፤ እንደሆነው ነው የምጽፈው።

የምኖረው ዌስት ሴንት ፖል፣ ወንዱ ልጄ ቤት ነው። ሴቷ ልጄ አፕል ቫሊ ናት። ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ደግሞ የአገሬ የወሎ ሰዎች አሉ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አውቶቡስ ወደ ሌላው ስዞር ነው የምውለው። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ቤት ያለሽ አትመስይም» እያለ ይስቅብኛል። በዚያም ቀን እየዞርኩ ነበር። ሮበርት ስትሪት ላይ ካለ አንድ የጨርቅ መደብር ገብቼ የመጋረጃ ጨርቅ በጣቴ እያሸሁ ሳለ፣ አንዲት ሴት «ያ አላህ! እትዬ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደሴ ሳለን የሰፈራችን ልጅ ናት። ካርቱም ዓመታት ከርማ እዚህ ገና መምጣቷ ነው። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ፣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«እትዬ፣ ሳልደርስሽ ቀረሁ፤ አፉ በይኝ። ወሬው ካርቱም ደርሶኝ ነበር። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

«ለማን?» አልኳት።

«እንዴ፣ እትዬ! ለእታለም ነዋ!»

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እታለም ስላት ሰፈሩ ሁሉ እታለም ይላታል።

ልጅቷ ፊቴን አየች። እጇ ከትከሻዬ ላይ ወረደ። «ወይኔ! ወይኔ፣ አፌን በቆረጠው! አልነገሩሽም?» አለችና እዚያው ጥቅል ጨርቆቹ መሃል ቁጢጥ አለች። እኔ ነኝ ያነሳኋት። እሷን አንድም ቀን አልተቀየምኳትም። በእኛ ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው፣ ዓመት ይለፍ ሁለት ዓመት፣ ያዘነውን ባገኘበት ቦታ ያጽናናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ደንቡን የጠበቀች እሷ ብቻ ሆና ተገኘች።

እታለምን ላላወቃት ምን ብዬ ልንገረው? እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቦርከና በክረምት ሲሞላ በጀርባዋ አዝላ አሻግራኛለች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ደርሶ እንኳ እኔን «እግርሽን ሰብስቢ፣ ቀሚስሽ ይረጥባል» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ድምጿ ገበያ ይበትናል። ሚስጥር አትችልም፤ በሹክሹክታ ያወራችውን ሦስተኛው ቤት ይሰማዋል። ስትስቅ ደግሞ ጭኗን እየመታች ነው። እኔን ዝም ያለች ሴት ያደረገኝ የእሷ ጩኸት ይመስለኛል፤ ለሁለታችንም እሷ ትበቃ ነበር።

ቤቷ ስልክ የለም። የምንገናኘው ልጇ ሱቅ በመደወል ነበር። ኋላ ኋላ ግን እየደወልኩ «እታለምን አቅርብልኝ» ስለው «ገበያ ሄዳለች፣ አክስቴ» ይለኛል። ሌላ ጊዜ «ገጠር ወርዳለች» ይለኛል። አንድ ጊዜማ «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል» አለኝ። እኔ ጅሏ ደግሞ «ማር በሎሚ ስጧት» እላለሁ! አፈር ለገባ ጉሮሮ መድኃኒት አዝዣለሁ። እግሯ ላይ ብርድ ስለሚጠናባት ወፍራም የሱፍ ካልሲና ሹራብ ገዝቼ በሚሄድ ሰው ላክሁላት። «ደርሷታል፤ በጣም ነው የወደደችው፤ መረቀችሽ» ተባልኩ። ይህ ነው ዛሬም ደሜን የሚያፈላው። መዋሸቱ ይሁን። ምርቃት ፈጥሮ መላክ ምን ይባላል? በሟች አፍ መመረቅ የተጀመረው በእኔ ነው።

ከመደብሩ ምራቴ በመኪና ወሰደችኝ። ምራቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራ። «እማዬ፣ ደከመሽ?» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሻርፔን እንዳጠለቅኩ ሳሎን ተቀመጥኩ። ልጄ ከሥራ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቅኩት።

«እታለም መቼ ሞተች?»

«ምን አልሽ?» አላለኝም። «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አላለኝም።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

በቃ፣ በዚህ አወቅኩ። እውነት መሆኑን የነገረኝ ይህ አንድ ቃሉ ነው።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«እማዬ፣ ተረጋጊ። ያኔ ጉልበትሽን ኦፕሬሽን የሆንሽ ሰሞን ነው። ፕሬሸርሽ ወጥቶ ዶክተሩ ስትረስ እንዳይነካት አለን። ስትድኚ ልንነግርሽ ነበር። ከዚያ ብርዱ ገባ፣ ሰው በዚያ በረዶ እንዴት ይመጣልሻል አልን። ከዚያ ረመዳን ሆነ፤ በጾም አንነግራትም አልን። ከዚያ ኢድ መጣ። በበዓል ማን መርዶ ይናገራል? ከዚያ...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆየ።»

ቆየ! ሁለተኛ ዓመቷን ልትደፍን ነው። ይህን ስህተት ፈረንጅ አይሠራውም፤ ስልክ አንስቶ «እናትህ ሞተች» ብሎ ይዘጋል። እኛ ነን ለሰው እያዘንን ሰው የምንገድለው። መርዶ ቶሎ ካልተነገረ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል፤ በኋላ ክዳኑን የሚከፍት ይጠፋል።

ምራቴ እኔን ያጽናናች መስሏት አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «አብሽሪ እማዬ። ደግሞ እኮ በደንብ ነው የተለቀሰላት። ፊሊፕስ ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው ደጅ ድረስ ተርፎ፣ ዱዓ ተደርጎ...»

ልጄ በዓይኑ ገሠጻት። ረፍዷል።

«የት? እዚህ? እኔ የት ሆኜ?»

ልጄ ያን ጊዜ ጫማውን ለማውለቅ አጎነበሰ። ለራሴ መለስኩት። ገና በከዘራ በምሄድበት ጊዜ ሴቷ ልጄ «ማሚ፣ እኔ ጋ መጥተሽ አየር ቀይሪ» ብላ አፕል ቫሊ ወስዳኝ ነበር። እዚያ ካለው መካነ አራዊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነብር አሳየችኝ፤ አይስክሬም ገዛችልኝ። «ልጄ ምን ሆና ነው ዛሬ እንዲህ የምትንከባከበኝ?» ብዬ ነበር፤ ዓይኗም ቀልቶ ነበር፤ አለርጂ ነው አለችኝ። የእህቴ ለቅሶ ሲለቀስ እኔ አይስክሬም እየላስኩ ነብር አያለሁ! ከዚያ በኢዱ ቀን ፊሊፕስ የሄድኩ ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ አንገቴን አንቀው ይስሙኛል፣ አይለቁኝም። «እንዴት ቢወዱኝ ነው!» ብዬ ደስ ብሎኝ ገብቻለሁ። ሁሉም ያውቃል። ነጋዴው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ የትላንት ሕፃን ያውቃል። የማላውቀው እኔ፣ ከአንድ ጡት የጠባሁት።

«ለቅሶ እቀመጣለሁ» አልኩ።

«እማዬ...» አለ ልጄ።

«ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ሰው ጥሩልኝ።»

«እማዬ፣ ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ሰው አልቅሶ ጨርሷል። እዚያም ሰደቃዋ ወጥቷል፣ እዚህም ዱዓው ተደርጓል። ደግሞ ሐዘን ሦስት ቀን ነው፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ሦስት ቀን ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሞተችበት ነዋ።»

«ከሰማሁበት! ለእኔ ዛሬ ነው የሞተችው፤ ሮበርት ስትሪት ላይ፣ መጋረጃ ስመርጥ ነው የሞተችው!»

ይህን ስል ጮህኩ መሰለኝ፤ ሃይስኩል የምትማረው የልጅ ልጄ ከክፍሏ ወጣች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጥቂት አዳምጣ፣ አዝና፣ ፀጉሬን እየዳበሰች «ግራንድማ፣ ሌት ስሊፒንግ ዶግስ ላይ» አለችኝ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«የተኛ ውሻ አትቀስቅሺ ነው ያለችው» አለች እናቷ። «የእነሱ ተረት ነው።»

«ደግ። እህቴ ውሻ ሆነች።»

«ኖ፣ ኖ፣ ግራንድማ!» ልጅቷ ፊቷ ቀላ። እሷን መቆጣት አልነበረብኝም። ግን በዚያች ሰዓት የሚያበርደኝ አልነበረም። ሴቷ ልጄም ከአፕል ቫሊ ደወለች፤ «ማሚ፣ አሁን ብታነሺው ሰው ይታዘበናል» አለች። ይኸው! እውነተኛው ምክንያት በስንት ዙር ወጣ። ለእኔ ጤና ብለው ጀመሩት፤ የሚጨርሱት ለራሳቸው ገጽ ብለው ነው። ስልኩን ዘጋሁባትና ገብቼ ተኛሁ፤ መተኛት ከተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ የስሎቬንያ ሴት ናት። ከትልቁ ጦርነት በኋላ በወጣትነቷ መጥታ፣ አሜሪካዊ አግብታ፣ ቀብራው፣ ብቻዋን ነው የምትኖር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን ልጄ ሲጠራኝ ሰምታ ስሜ መስሏት «እማዬ» ነው የምትለኝ። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ የእኔ አጥንት ብቻ ነው፤ ቀስ ብላ ስታወራልኝ ግን እንግባባለን። ከበረዶው በፊት ረግፎ የበሰበሰ ቅጠል በሬክ፣ በዚያ ባለ ጥርስ መጥረጊያ፣ እየሰበሰበች አገኘኋት። ነገርኳት። በእጄም በእንባዬም ጨምሬ ነገርኳት። ሽበት ለሽበት ይተዛዘናል፣ ይህችስ ትቆጣልኛለች ብዬ ነበር።

ሬኳን ተደግፋ ራሷን ነቀነቀች። «ካር ዬ ቢሎ፣ ዬ ቢሎ» አለች በቋንቋዋ። የሆነው ሆነ ማለት ነው።

«አንቺም!» አልኳት። በአማርኛ ነው ያልኳት፤ ግን ገባት።

ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። ባሏ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ አገሯ ባነሳች ቁጥር «ዋተር አንደር ዘ ብሪጅ» ይላት ነበር፤ በድልድይ ሥር ያለፈ ውሃ ነው፤ እሷም የዚያን አቻ በቋንቋዋ ስትፈልግ ያገኘችው ይህን «የሆነው ሆነ» ነው። የልጄን ልጅ የውሻ ተረት ስነግራት፣ «እኛ ዘንድ ውሻ አይደለም፣ የተርብ ጎጆ አትነካኪ ነው የሚባለው» አለች። ከዚያ ሬኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ እንግሊዞች ያለፈ ነገር የሚያነሳን ሰው በዚህ ቅጠል እንደሚሰበስብ ይቆጥሩታል አለች፤ በእሷ አገር ግን «ፖግሬቫቲ» ነው፤ የበረደ ምግብ እንደገና ማሞቅ። ታላቅ ወንድሟ ከጦርነቱ ማብቃት በኋላ ተወስዶ አልተመለሰም። «የት አደረሱት?» ብላ በጠየቀች ቁጥር እናቷ ራሷ «አታሙቂው» ትላት ነበር። አርባ ምናምን ዓመት ሳታሞቀው ኖረች።

እኔ ይህን ስሰማ ንዴቴ ባሰ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ውሃ ነው፣ ውሻ ነው፣ ቅጠል ነው፣ ወጥ ነው፤ ሰው መሆኑን የሚናገር ተረት ግን አንድም የለም። «ምግብ የሚሞቀው መጀመሪያ የቀረበለት ሰው ሲያስተርፈው ነው» አልኳት። እንግሊዝኛው ሲያጥረኝ በእጄ እያሳየሁ። «ለእኔ አልቀረበልኝም። እነሱ በልተዋል። እኔ ሳልቀምስ እንዴት አሞቀች እባላለሁ?»

ሬኳን አጥሩ ላይ አስደገፈች። «ለእኔም አልቀረበልኝም» አለች።

ከዚያ «በእናንተ አገር ቢሆን እንዴት ይነግሩሽ ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ትልልቅ ሰዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ ማለዳ በር ሲንኳኳ ልብ ቀድሞ ያውቃል። ተነግሮ፣ ተለቅሶ፣ ፍራሽ መሬት ይነጠፋል። በሩ ይከፈታል። ለቅሶ ቤት በሩ አይዘጋም፤ የሚያውቅም የማያውቅም ይገባል።

ይህን እየነገርኳት ሳለ ምራቴ ወደ ሥራ ልትሄድ የጋራጁ በር እየተንጠራራ ወደ ላይ ሲከፈት አየሁ። መኪናዋ ወጣች፤ በሩ ተመልሶ ወረደ። የልጄ ቤት ዋናው በር ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም። ይህ ግን እንደ ድንኳን ነው፤ ፊቱ በሙሉ ለመንገድ ክፍት ነው። እኔስ በር እየፈለግኩ አይደል?

ሁሉም እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ብስክሌቱን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፤ የበረዶ አካፋውን፣ ትርፍ ጎማውን ሁሉ ጥግ አስያዝኩ። የእንግዳ ፍራሽ ከምድር ቤት ደረጃውን እየጎተትኩ አወጣሁ፤ ያ የተቀደደ ጉልበቴ እየጮኸ። ስሚንቶው ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ፍራሽ። ጥቁር ሻርፕ አሠርኩ። በሩን በመቆጣጠሪያው ከፈትኩት። ከመቀመጤ በፊት ፊሊፕስ ላለች አንዲት ሴት ደወልኩ። ከእሷ ጆሮ የገባ ነገር ሳይውል ሳያድር ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል።

«ሰላም ነሽ? መርዶ ደርሶኛል። ልጄ ቤት፣ ጋራጅ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጫለሁ» አልኳት።

«ጋራጅ? እትዬ፣ የማን መር...»

«አንቺ ቀድመሽ የሰማሽው» ብዬ ዘጋሁባት።

በመጀመሪያው ሰዓት ያየኝ ፖስተኛው ብቻ ነው። እጁን አነሳልኝ፤ አነሳሁለት። ቀጥሎ ጎረቤቴ ተንደርድራ መጣች፤ «እማዬ! በር ተቆልፎብሽ ነው?»

«አይደለም። እያለቀስኩ ነው» አልኳት። ለቅሶ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አላውቀውም።

አንዴ ፍራሹን፣ አንዴ የተከፈተውን በር አየች። ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ የምትታጠፍ ወንበር ይዛ ነው፤ መሬት መቀመጥ ዳሌዋ አይፈቅድላትም። «ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«ምንም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ከቀትር በኋላ መኪናዎች መምጣት ጀመሩ። ያቺ የጨርቅ መደብሯ ልጅ ናት ቀድማ የገባች፤ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ከዚያ እነዚያ የኢዱ ቀን አንቀው የሳሙኝ ሴቶች ተከታትለው መጡ። ከመኪና ሲወርዱ ያወራሉ፤ ፍራሹን ሲያዩ ዝም። አንዷ «እትዬ፣ ለአንቺው ብለን እኮ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ነው ሱቅ ውስጥ ስታገኚኝ እታለም ደህና ናት ወይ ያልሽኝ?»

ጫማዋን አወለቀች። ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ፣ ነገር በማብረድ የታወቁ ሰው፣ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እህቴ፣ የተዳፈነ እሳት አንቆስቁስ። ልጆችሽም ክፉ አላሰቡም።»

«እሳቱን ማን አዳፈነው፣ ጋሼ? እናንተ ሞቃችሁት፣ እናንተ አዳፈናችሁት፤ እኔ ብርድ ላይ ነበርኩ። አሁን ደግሞ አመድ ነካሽ ብላችሁ ልትቆጡኝ ነው?»

«ይህን ማለቴ አይደለም...»

«እንግዲያው ይቀመጡ። ለሟች ዱዓ ያድርጉላት፤ ለእኔ ተረት አይተርቱልኝ።»

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን በእጃቸው ያዙ። ከሁሉም ራቅ ብለው የተቀመጡ፣ እዚህ ከተማ ከእኛ ሁሉ በፊት የገቡ አንድ የአስመራ አዛውንት አሉ፤ ሶላት የሚያሰግዱን እሳቸው ናቸው፤ አማርኛቸው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። «ሴትየዋ ልክ ናት» አሉ። «ሩቅ ላለ ሰው ሐዘኑ የሚቆጠር ወሬው ከደረሰው ቀን ነው። ዛሬ አንደኛው ቀኗ ነው።» ሽማግሌውም ፍራሹ ጫፍ ላይ ቦታ ያዙ። ጫማ ማውለቂያው ሞላ። ሴቷ ልጄም ከአፕል ቫሊ መጥታ፣ ጥግ ይዛ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ አላየኋትም፤ ማለቴ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

የቀረው ልጄ ነበር። አመሻሹ ላይ መጣ። መንገዱ በሰው መኪና ተሞልቶ የራሱ መኪና መግቢያ አጣ፤ የፊት መብራቱ እኔ ላይ እንዳበራ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ወርዶ በሰዉ መሃል መጥቶ ጆሮዬ ላይ አጎነበሰ።

«እማዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው? ነጮቹ በመስኮት እያዩ ነው።»

«ይዩ። ሊያዩ ነው የከፈትኩት።»

«ሰው ሁሉ ፊት አዋረድሽኝ።»

«ንገረኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«መርዶዬን።»

«እማዬ፣ አውቀሽ የለም እንዴ? ምን ልንገርሽ?»

«አውቄያለሁ፤ አንተ ግን አልነገርከኝም። ባዳ ነው መጋረጃ መሃል የነገረኝ። እሷ አንተንም አዝላሃለች። ቁጭ በልና ንገረኝ። ያልነገርከኝ እንደሆነ ከዚህ ፍራሽ አልነሳም፤ መኪናህን በረዶ ይብላው።»

ልጄ ቆሞ አየኝ። ሽበት እንደጀመረው ያየሁት ያኔ ነው፤ አንድ ቤት እየኖርን። ተመልሶ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። መጥቶ ጫማውን አወለቀ። የሥራ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ።

«እማዬ...» አለ። አቋረጠ። እንደገና ጀመረ። «እማዬ፣ እታለም አርፋለች። አላህ ወስዷታል።»

አውቀው ነበር እኮ! ከትላንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲነግረኝ ግን እንደ አዲስ መታኝ። እንዲያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ጩኸት የእህቴ እንጂ የእኔ አልነበረም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። በዚያ ጸጥ ባለ ሰፈር መብራት እየበራ በየደጁ ሰው ወጣ። ጎረቤቴ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ እንዳለች ተጎንብሳ በቋንቋዋ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቅኳትም።

ሲበርድልኝ ልጄን ጠየቅኩት። ማን አጠባት? የት ተቀበረች? ታማ ነበር ወይስ ድንገት? አልጋ ላይ ስንት ቆየች ሳልለው ሁሉንም ነገረኝ፤ ሁሉንም ያውቃል። በመጨረሻው ቀን ሲነጋ ውሃ ጠይቃ፣ ጠጥታ፣ ዞር ብላ ተኛች። ያጠቧት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። ከእናታችን ጎን ነው ያረፈች። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ሲቀርብ ከርሟል። በዚያች ቅጽበት ልቤ ሊራራለት ነበር፤ አልካድም። እሱም አየብኝ መሰለኝ፣ እጄን ያዘ።

«እማዬ፣ አፉ በይኝ።»

እጄን አስለቀቅኩ። «ዛሬ የእሷ ቀን ነው» አልኩት። «ሦስቱን ቀን ለእሷ ልጨርስ። ከዚያ ወደ አንተ እመጣለሁ።»

ሦስቱንም ቀን ተቀመጥኩ። ሰውም መጣ፣ ዱዓውም ሆነ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፍራሹ ታጥፎ፣ ብስክሌቱ ቦታው ተመልሶ፣ ልጄ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና «ዛሬ የአንተ ቀን ነው» ብዬ መጣሁበት።